የቤታችን ፊት ታክሰሶች ቡናማ እየሆኑ ነው፤ እንንቀላቸው ወይስ እንግረዛቸው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸውና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ባለፈው ኦክቶበር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ገዝተው ገብተዋል። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው የማይረግፍ ስድስት የታክሰስ ቁጥቋጦዎች ተደርድረዋል። ብርዱ ሲያልፍ በቤቱ ማዕዘን በኩል ያሉት ሁለቱ ዝገት መሰሉ፤ ሦስተኛው መገርጣት ጀመረ፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ለምልመው የሳሎኑን መስኮት ሸፍነውታል። ጠያቂዋ ውሃ የጠማቸው መስሏቸው ከኤፕሪል ጀምሮ በየማታው ቢያጠጧቸውም ለውጥ አላዩም። በዚህ ላይ ጎረቤታቸው ቀዩ ፍሬ መርዝ እንደሆነ ስለነገሯቸው፣ ባለቤታቸው ሁሉም ተነቅለው ይጣሉ ይላሉ።

የተከበሩ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው የማታውን ውሃ ዛሬውኑ ያቁሙ። ከላኩልኝ ፎቶዎች መካከል ብዙ የነገረኝ የቁጥቋጦዎቹ ቅጠል ሳይሆን፣ ሳያስቡት ከፎቶው ጥግ የገባው የአሸንዳ ቱቦ ነው። የጣሪያው ውሃ በዚያ ቱቦ ወርዶ የሚፈስሰው ልክ ሁለቱ ከደረቁበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚገረጣው ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ አረንጓዴዎቹ ደግሞ ከቱቦው የራቁት ናቸው። ብርድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በተራ አይመጣም ነበር። ታክሰስ ጥላውንም ፀሐዩንም ይችላል፣ ብርዱን ይችላል፣ መቀሱን ደግሞ ከማንኛውም ዘመዱ በላይ ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር ሥሩ ውሃ ውስጥ መዋሉን ነው። ስለዚህ ለመንቀልም ሆነ ለመግረዝ ከመነሣትዎ በፊት ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይኖርብናል።

ስለ ተክሉ ማንነት ጥቂት ልበል፤ ኋላ መግረዝ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል። ታክሰስ በእንግሊዝኛ «ዩ» የሚባለው ነው። አማርኛ ስም የለውም፤ በአገራችንም በተፈጥሮ አይበቅልም። ብዙ ወገኖቻችን «ጥድ» ይሉታል፤ ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚመስለው ዝግባን ነው። ጠፍጣፋ፣ ወደ አንድ ኢንች የሚረዝም፣ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቅጠል አለው። በአሜሪካ ግቢዎች በብዛት የሚታየው ዝርያ የአውሮፓውና የጃፓኑ ታክሰስ ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን፣ በ1900 ገደማ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዌልስሊ ላይ የተጀመረ ሥራ ውጤት ነው። የእርስዎዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ስለሚያድጉ ሂክሲ የሚባለው ዓይነት ይመስሉኛል። ሂክሲ ዝም ከተባለ ከ10 ጫማ በላይ ያድጋል፤ ከመስኮት ሥር የሚተከል አልነበረም። የተከለው ሰው ችግኙን ሁለት ጫማ ሳለ አይቶት ይሆናል።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። ከደረቁት አንዱን ይምረጡና ከግንዱ አንድ ጫማ ያህል ራቅ ብለው በእጅ መኮትኮቻ ስድስት ኢንች ይቆፍሩ። ከክብሪት እንጨት የማይወፍር ሥር ሲያገኙ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ይዘው ሳብ ያድርጉት። ጤነኛ ሥር ልጡ ከውስጡ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ነጣ ይላል፣ ሲታጠፍም እሺ ይላል። ውሃ የገደለው ሥር ግን ልጡ እንደ ጓንት ወልቆ ጣትዎ ላይ ይቀራል፤ ከመካከሉ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ተጎትቶ ይወጣል፤ አፈሩም የረጋ ኩሬ ይሸታል። ይህን የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ፋይቶፍቶራ የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው። ዘሩ በውሃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ስለሚሄድ፣ ውሃ ያቆረ አፈር ለእርሱ ጥርጊያ መንገድ ነው። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ሥሩ አየር ያጣል፤ አየር ያጣው ሥር ይደክማል፤ የደከመውን ደግሞ በሽታው ይጨርሰዋል። ሥሩ ከሞተ በኋላ ቅጠሉ ውሃ የሚያገኝበት መንገድ ስለማይኖር፣ ውሃ የበዛበት ተክል ውሃ የጠማው ይመስላል። እርስዎ አይተው ያዘኑለት ይህን ነው።

በዚህ ግን ራስዎን አይውቀሱ። ታክሰስ ሞቱን ቶሎ አይናገርም፤ ሥሩ ከሞተ በኋላም ቅጠሉ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ ቁጥቋጦዎች ቤቱን ከመግዛትዎ በፊት ሳይጀምራቸው አልቀረም። የኤፕሪል ውሃ ያባባሰው ነገር ካለ የሦስተኛውን ሁኔታ ነው። እርሱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ከልጡ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ካለ ቅርንጫፉ አልሞተም፤ ደረቅ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ከጫፍ ጀምረው ወደ ግንዱ እየቀረቡ ይሞክሩ። የቅጠሎቹንም ጀርባ ገልብጠው ይዩ፤ ትንንሽ የቡሽ ፍንጣሪ የሚመስሉ ጉብታዎች ከታዩ ሥሩ ከሚገባው በላይ ውሃ ይጠጣ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ምልክት ነው።

ቡናማነት ሁሉ ግን ከውሃ አይመጣም፤ ወደፊትም እንዳያደናግርዎ ሌሎቹን ልጥቀስ። አፈሩ በበረዶ ደርቆ ሳለ ፀሐይና ነፋስ ቅጠሉን ሲያደርቁት፣ ፀሐይ ወይም ነፋስ በሚመታው ጎን ብቻ የተለበለበ መልክ ይታያል። ይህ መልኩን ያበላሽ እንደሆነ እንጂ ቡቃያው ካልሞተ በጁን አዲስ ቅጠል ይሸፍነዋል። ለመንገድ የሚረጨው ጨው በእግረኛ መንገዱ በኩል ያለውን ጎን ያቃጥላል። በሜይ መጨረሻና በጁን ደግሞ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ ወደ ግንዱ ቀረብ ብለው ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ይህ ጤናማ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠሉ ዘላለማዊ ነው ማለት አይደለም። በየዓመቱ «ተክሌ ታመመብኝ» ብለው በዚህ ወቅት የሚደውሉልኝ ሰዎች አሉ፤ ቢጫው ከውስጥ ነው ወይስ ከጫፍ ብዬ ጠይቄ፣ ከውስጥ ነው ካሉኝ አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ።

አንድ ጠላት ግን በቸልታ አይታለፍም። የቅጠሉ ጠርዝ ትኬት ቆራጭ በመብሻው የበሳው ይመስል በግማሽ ክብ የተበላ ሆኖ ካገኙት፣ ጥቁሩ ነቀዝ ነው። ትልቁ ነቀዝ ከጁን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ቅጠል ይበላል፤ ይህ ጉዳቱ ቀላል ነው። እውነተኛው ጉዳት ከአፈር ውስጥ ሥሩን የሚግጠው ነጭ ትሉ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነጭ ጨርቅ ከሥሩ ዘርግተው ቅርንጫፉን ቢያራግፉና በባትሪ ቢያዩ፣ ካለ ጨርቁ ላይ ይወድቅና የሞተ መስሎ ዝም ይላል። ከተገኘ፣ ነቀዞቹ የጣሉት እንቁላል ተፈልፍሎ ትሉ ገና ትንሽ በሆነበት በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር፣ አፈሩ ሞቅና እርጥብ እንዳለ፣ ትሉን የሚያጠቁ ጠቃሚ ኔማቶዶችን (በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ትሎችን) ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ማጠጣት ነው። ከእርስዎ ፎቶ ላይ ግን እንዲህ ያለ የተበላ ጠርዝ አላየሁም።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የአሸንዳውን ቱቦ ማራዘም ነው። ከቤት መሣሪያ መደብር የሚገኘውን ጥቁር ተጣጣፊ ቱቦ ገጥመው ውሃውን ቢያንስ ስድስት ጫማ፣ መሬቱ ወደሚያዘቀዝቅበት አቅጣጫ ያውጡት። ወጪው ከአንድ አዲስ ቁጥቋጦ ዋጋ ያነሰ ነው፤ ለቤቱም መሠረት ይጠቅማል። ሁለቱን የደረቁ ከነሥራቸው ይንቀሏቸው፤ በዚያ ጉድጓድ ግን ታክሰስ መልሰው አይትከሉ፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የተጠቀሙበትን አካፋ ከጭቃው አጥበው በአልኮል ሳይጠርጉ ወደ ጤነኞቹ አይሂዱ።

ቀጥሎ የአፈሩን የማጠንፈፍ አቅም ይለኩ። አንድ ጫማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉትና ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ዳግም ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት ኢንች እንደወረደ ይለኩ። ከአንድ እስከ ሦስት ኢንች ከወረደ መልካም ነው። ከአንድ ኢንች በታች ከሆነ ቦታው ለታክሰስ አይሆንም፤ ካልቀረ ደግሞ አፈሩን ከመሬቱ በላይ ስምንት ወይም አሥር ኢንች ከፍ አድርገው እንደ መደብ በመሥራት ከላይ መትከል ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ አፈር ባብዛኛው ሸክላማ ነውና ብዙ ሰው በቀና ልብ የሚፈጽመውን ስሕተት ልንገርዎት። ጠንካራውን ሸክላ ቆፍሮ ጉድጓዱን በለስላሳ ኮምፖስት መሙላት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ዝናብ ሲመጣ ከዙሪያው ያለውን ውሃ ስቦ እንደ ገንዳ ይይዛል። ከሥሩ ጠጠር ማድረግም አያድነውም። የሚሻለው የወጣውን አፈር ራሱን መመለስ፣ ጉድጓዱን ከሥሩ ኳስ (ሥሩ ከነአፈሩ ከተጠቀለለበት ድቡልቡል) በሁለትና በሦስት እጥፍ ማስፋት፣ ጥልቀቱን ግን ከኳሱ አለማሳለፍ፣ እንዲያውም የኳሱን አናት ከመሬት ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ሥሩ የተጠቀለለበትን ጆንያና ሽቦ ማውለቅዎን አይርሱ። ሌላ ባለሙያ ተከልኩ ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ የሄደበትን ግቢ ከሦስት ዓመት በኋላ ስቆፍር፣ የናይሎን ገመዱ ግንዱን አንቆት ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

አዲስ የተተከለ ታክሰስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከዝናቡ ጋር ተደምሮ በሳምንት አንድ ኢንች ያህል ውሃ ይበቃዋል። እንደ እርስዎዎቹ የቆዩት ግን ድርቅ ካልበረታ በቀር አይፈልጉም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይስደዱ፤ እርጥበት ካለ አያጠጡ። ከሁለት እስከ ሦስት ኢንች ጉዝጓዝ ማልበስ መልካም ነው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ማዳበሪያ አሁን አይስጡ፤ ሥሩ የታመመ ተክልን ማዳበሪያ አያድነውም።

ስለ መግረዝ የምለው የሚያስደስትዎት ይመስለኛል። አዲስ አበባ እያለን የምናውቀው የፈረንጅ ጥድ አጥር፣ አረንጓዴውን አልፈው እስከ እንጨቱ ከቆረጡት ያ ቦታ ራቁቱን ይቀራል፤ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ብዙ ሰው ታክሰስንም «ጥድ» ብሎ ስለሚያስበው በፍርሃት ከላይ ከላይ ብቻ ይላጨዋል፤ ቁጥቋጦውም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያደገ መስኮት ይውጣል። ታክሰስ ከዚህ ወገን አይደለም። በአሮጌው ግንዱ ላይ የተኙ ቡቃያዎች ስላሉት፣ የክንድ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ እንኳ ቢቆርጡት ከራቁት እንጨት ላይ ያቆጠቁጣል። በብሪታንያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ውስጥ፣ በእኛ ቅጥሮች ጥድና ወይራ እንደሚጠበቁት፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተተከሉ ታክሰሶች ዛሬም አሉ። የስኮትላንዱ የፎርቲንጋል ታክሰስ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ እንደሚሆነው ይገመታል። ለዚህ ዕድሜ ካበቃቸው ነገር አንዱ ይህ ከአሮጌ እንጨት የማቆጥቆጥ ችሎታቸው ነው።

ስለዚህ ሦስቱን አረንጓዴዎች ከመስኮቱ በታች ማውረድ ይቻላል። ነገር ግን ዘንድሮ አይደለም። ከባዱ ቆረጣ የሚደረገው ቡቃያው ሳይነቃ፣ በእርስዎ አካባቢ በማርች ነው። በመጪው ማርች የሦስቱን አናት ከሚፈልጉት ከፍታ አንድ ጫማ ያህል ዝቅ አድርገው ይቁረጡ፤ አዲሱ እድገት የሚሞላው ቦታ ይፈልጋልና። የፊት ለፊቱን ጎን በዚያው ዓመት፣ የግድግዳውን ጎን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቢያሳጥሩ፣ ተክሉ ቅጠል ሳያጣ ይታደሳል። ለአንድ ዓመት ያህል የተላጨ በግ መስሎ መታየቱ አይቀርም፤ ይታገሡት። ታክሰስ በዓመት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ኢንች ስለሚያድግ መሸፈኑ ጥቂት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የጁኑ እድገት ከጠነከረ በኋላ፣ ጫፍ ጫፉን መከርከም ይበቃል። ከኦገስት አጋማሽ ወዲያ መቀሱን ያስቀምጡ፤ ዘግይቶ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ብርዱን አይችለውም። ሲከረክሙም ታችኛውን ከላይኛው ሰፋ ያድርጉት፤ አናቱ ከሰፋ ጥላው ታችኛውን ያራቁተዋል። ሦስተኛውን፣ የገረጣውን፣ ግን ማንም መቀስ ይዞ እንዳይቀርበው፤ ሥሩ የተጎዳ ተክል ቅጠሉንም ካጣ በምን ይታከማል?

ወደ ፍሬው እንምጣ። ጎረቤትዎ እውነቱን ነው የነገሩዎት፤ ሙሉውን ግን አልነገሩዎትም። ከታክሰስ መርዝ የሌለበት አንድ ነገር ቀዩ ለስላሳ ሥጋው ብቻ ነው። ከሥጋው ውስጥ እንደ ጽዋ በተከፈተው አፉ የሚታየው ጥቁር ዘር፣ ቅጠሉ፣ ልጡና እንጨቱ ሁሉ ታክሲን የሚባል፣ የልብን አመታት የሚያውክ መርዝ አላቸው። ልጅ ደግሞ ቀዩን ብቻ መጦ ዘሩን አይተፋም። ዘሩ ሳይታኘክ ከተዋጠ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይወጣል፤ ወፎችም የሚበሉት እንዲሁ ነው። ከታኘከ ግን መርዙ ይለቀቃል። አንድ ሁለት ፍሬ የቀመሱ ልጆች አብዛኞቹ ከባድ ጉዳት አይደርስባቸውም፤ ይሁን እንጂ በግምት ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። አፉን አስጉመጥምጠው ወዲያው በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማእከሉን ይጥሩ፤ ነፃ ነው፣ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ከተዝለፈለፈ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911 ነው። እንዲያስመልሰው ብለው ምንም ነገር አያጠጡት።

ፍሬ የሚያፈሩት ሴቶቹ ቁጥቋጦዎች ብቻ ናቸው፤ እንደ ዝግባ ሁሉ ታክሰስም ወንድና ሴት አለው። በሴፕቴምበር ከሦስቱ የትኛው ቀይ ፍሬ እንደያዘ ይመልከቱና ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ፍሬውን ለቅመው መጣል ወይም ያን አንዱን ብቻ ማንሣት ይችላሉ። ልጆቹ አሁን በሚዳሁበትና ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ በሚከቱበት ዕድሜ ላይ ከሆኑና መጫወቻቸው እዚያው ከሆነ፣ የባለቤትዎን ሐሳብ አልቃወምም፤ ተክል ይተካል።

የተቆረጠው ቅርንጫፍ ከቆመው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲደርቅም መርዙ አይጠፋም። ለምለምነቱን አይተው በበዓል ቀን ቀጤማ በጠፋበት አገር እርሱን ወለሉ ላይ ልጎዝጉዝ እንዳይሉ። ለበዓል በግ የምንገዛበት እርሻ ይዞ ሄዶ ለፍየልና ለፈረስ መስጠትም በአንድ ቀን መንጋ ሊፈጅ ይችላል፤ ፈረስ ላይ ከጥቂት አፍ በላይ አያስፈልገውም። የሚገርመው አጋዘኑ ነው፤ በብርዱ ወራት ያለ ምንም ጉዳት ይግጠዋል። ሲገርዙ ጓንት ያድርጉ፣ ቁርጥራጩን በወረቀት ከረጢት ሰብስበው ለካውንቲው የቅጠል ሰብሳቢ ያውጡ፣ የቤት ውሻ ካለም እስኪወሰድ ያስሩት። ይህ መርዛም ዛፍ መድኃኒትም ሰጥቷል፤ በ1962 ከዋሽንግተን ግዛት ከተሰበሰበ የፓስፊክ ታክሰስ ልጥ የተገኘው ፓክሊታክሰል በ1992 ለሴት የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ተፈቅዶ እስከ ዛሬ በሆስፒታል ይሰጣል። ይህ ግን በላቦራቶሪ ተነጥሮ የተመጠነ መድኃኒት ስለሆነ፣ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ራስን መመረዝ ነው። የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

በባዶው ማዕዘን ምን ይተከል ለሚለው፣ ቱቦው ከተራዘመ በኋላም እርጥበቱ ካልጠፋ ኢንክቤሪ የሚባለው የዚሁ አገር ቁጥቋጦ ይስማማዋል፤ እርጥብ አፈር ይችላል፣ ቅጠሉም አይረግፍም። ጥቁር ፍሬው ግን ሆድ ስለሚያውክ ከልጆች አፍ መራቅ አለበት። አፈሩ ከደረቀልዎትና የታክሰስን መልክ ከወደዱት ደግሞ ታክሰስን የሚመስለውን ሌላ ተክል፣ ሴፋሎታክሰስን ይጠይቁ፤ ሙቀት ይችላል፣ አጋዘንም አይደፍረውም። ከግድግዳው ቢያንስ ሦስት ጫማ አርቀው፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር ይትከሉት።

እስከዚያው ድረስ ቱቦውን በዚህ ሳምንት ያራዝሙ፤ ሦስተኛውን ቁጥቋጦ ደግሞ እስከ ጁላይ መጨረሻ ሳይነኩት ይጠብቁት። አዲስ ለጋ ቅጠል ካወጣ ይተርፋል። ካላወጣ፣ በክብሪት እንጨት ውፍረት ያለውን አንዱን ሥር ስበው፣ ልጡ ጣትዎ ላይ መቅረት አለመቅረቱን የሚያሳይ ፎቶ ይላኩልኝ።